ያልተነካ ሞተር

ባለፈው ማክሰኞ ልቤ ቀጥ ልትል ምንም አልቀራትም። ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። ዕድሜዬን መንገድ ላይ የፈጀሁ ሾፌር ነኝ፤ መኪና ሲገለበጥ አይቻለሁ፣ ጎርፍ ድልድይ ይዞ ሲሄድ አይቻለሁ፤ ከሞተር ሆድ ግን እንደዚያ ያለ ጉድ ሲወጣ አይቼ አላውቅም። መካኒኩ ገመቹ ከልጄ ከሌሊሴ ሚኒባስ ሥር ተንጋሎ የዘይቱን ማፍሰሻ ቡሎን ሲፈታ፣ ዘይቱ ይንዠቀዠቃል ብለን ሁላችንም ወደ ኋላ ሸሸት አልን። የተንዠቀዠቀ ነገር የለም። ቆይቶ ቆይቶ እንደ ሬንጅ ያለ ጥቁር ነገር ዝግ ብሎ ብቅ አለና እዚያው ተንጠልጥሎ ቀረ። የተቃጠለ ዘይት ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ አጠገቤ የነበረውን በርሜል ያዝኩ።

ገመቹ ከሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ልጄን አያት። «እህቴ፣ ይሄ ዘይት የተቀየረው መቼ ነው?»

«ተቀይሮ አያውቅም» አለችው ሌሊሴ፣ እንደ ሙገሳ አድርጋ። «ሲጎድል እጨምራለሁ እንጂ ከገዛሁት ጀምሮ ሞተሩ ያልተነካ ነው።»

ይቺን ቃል አስተውሉልኝ። በኛ አገር መኪና ሲሸጥ «ሞተሩ ያልተነካ» ከማለት በላይ ምርቃት የለም። ደላላው ይላታል፣ ሻጩ ይላታል፣ ገዢው ደግሞ ለመስማት ጆሮውን ያቆማል። ትርጉሙ ሞተሩ ተፈትቶ አያውቅም፣ ገና ከፋብሪካው እንደወጣ ነው ማለት ነው። እኔ ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የተረዳሁት በሌላ መንገድ ነው። ያልተነካ ማለት ቁልፍ ያላረፈበት፣ መካኒክ ያልቀረበው፣ ዘይቱ እንኳ ሲጎድል የሚጨመርበት እንጂ የማይደፋ ነው ብዬ አመንኩ። አምኜም ዝም አላልኩ፤ ሰበክሁ። ልጄንም ያሳደግኋት በዚሁ ስብከት ነው።

ገመቹ ራሱን ነቀነቀ። «ሞተሩ ነክሷል፣ ተጣብቆ ደርቋል። ወርዶ መታደስ አለበት፤ እሱም የሚታደስ ከሆነ ነው። ዘይት ሳይቀየር ምን ሊተርፍ።»

ልጄ ተቆጣች። «አባቴ ይኸው ቆሟል፣ ጠይቀው! በአንድ ፒጆ ናዝሬትና መቂን ስምንት ዓመት ተመላልሷል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ሞልቶ ሦስት ጊዜ ዜሮ ገብቷል። አንድ ቀን ዘይት ቀይሮ አያውቅም፤ ሞተሩንም ሳይነካ ነው የሸጠው።»

በጋራዡ ያሉት ሁሉ ዞረው አዩኝ። ደረቴን መንፋት ነበረብኝ፤ ድሮ ይህ ወሬ ሲነሳ እንደዚያ ነበር የማደርገው። ያንን የተንጠለጠለ ጥቁር ነገር እያየሁ ግን አንገቴ አልታዘዝ አለኝ። ጥግ ላይ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ፒካፑን የሚጠብቅ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረገ አንድ ሽማግሌ ልጄ ስትናገር ሳቅ ሊያመልጠው ሲል አፉን በእጁ ሲከድን አየሁት። መልኩ አዲስ አልሆነብኝም፤ ግን ከየት እንደማውቀው ያኔ አልመጣልኝም።

ስለ ልጄ ትንሽ ልንገራችሁ። ባሏ ካረፈ ወዲህ ሁለት ልጆች የምታሳድገው በዚያ ሚኒባስ ነው። ጠዋት ጠዋት ከአዳማ የፋብሪካ ሠራተኞች ጭና ዱከም ታደርሳለች፣ ማታ ትመልሳለች፤ ሰርቪስ የሚሉት ሥራ። ሰኞ ዕለት ሞጆን አለፍ እንዳለች ሞተሩ ቀጥ አለና አሥራ አራት ሠራተኞች አስፋልት ዳር ቆመው ቀሩ። የፋብሪካው የትራንስፖርት ኃላፊ በሚቀጥለው ሰኞ መኪናዋ ካልተነሳች መስመሩን ለሌላ እሰጣለሁ ብሏታል። ከዚያ በኋላ ልጆቿን በምን ታበላለች? እኔ እንደሆንኩ አሁን እጄ ላይ ጡረታና ከዘራ ብቻ ነው ያለው።

በዚያ በፒጆዋ ዘመን ግን እጄ ላይ መሪ ነበር። አዳማን ሁላችንም ናዝሬት የምንልበት ዘመን ነው፤ አሁንም አፌ እሱኑ ይቀድማል። ፒጆዋ ሰማያዊ ነበረች፣ የኋላ ወንበሯ ሁለት ረድፍ። እኔ ደግሞ ቤልቦተም ሱሪ፣ ኮሌታው ትከሻ የሚደርስ ሸሚዝ፣ ከነሚዶው የቆመ አፍሮ። ሚዶዋን ጠጉሬ ውስጥ ሰክቼ ነበር የምነዳው፤ አሁን አምስት ጸጉር ቀርቶኝ ስነግራቸው የልጅ ልጆቼ ይስቃሉ። ፖስታ ቤቱ ጋ ያለው ማዕዘን ላይ ጠዋት ጋሪዎቹ ይደረደራሉ፣ የፈረሶቹ ግንባር ላይ ቀይ የክር ኳስ ይንጠለጠላል፣ ከነሱ ጀርባ እኛ ባለ ፒጆዎቹ እንቆማለን። ሻይ በስሙኒ። ለሁለት የተሰነጠቀ ፓፓያ ከነሎሚው በዚያችው በስሙኒ። መቂ ድረስ ሁለት ብር ከሃምሳ፣ ልጅ የታቀፈች እናት የልጇን አትከፍልም። አሁን በሁለት ብር ከሃምሳ ባጃጅ ዞሮም አያይህ።

ከሞጆ ስንታጠፍ ካሴቱን እገለብጣለሁ። በአንድ በኩል የአማርኛ ትዝታ፣ በሌላው የኦሮምኛ ዘፈን ነበረበት፤ ከሞጆ ወዲያ ያለው ተሳፋሪ «ወንድም፣ የኛንም አሰማን» ስለሚለኝ ለምጄው ነበር። ቆቃ ድልድዩ ጋ ዓሣ በገመድ ያንጠለጠሉ ሰዎች መንገዱ ድረስ ይገባሉ። ዓለም ጤና ላይ የሽንኩርቱ ሽታ በመስኮት ይገባና እስከ መቂ አይወጣም። ባለቤቴ ጫልቱ የመቂ ልጅ ናት። ወንድሟ እዚያ በፓምፕ እያጠጣ ሽንኩርት ያለማል፤ እኔ ስመለስ ጣሪያዋ ላይ ባለው የዕቃ መጫኛ፣ በፖርቶ መጋላው፣ ሽንኩርት እጭናለሁ፣ እሷ ናዝሬት ገበያ ትሸጣለች። ትዳራችን በዚያች መኪና ጣሪያና ወለል ላይ ተጭኖ የሚሄድ ነበር ብል ማጋነን አይደለም።

ቆጣሪዋ አምስት ቤት ብቻ ነበራት። ዘጠኞቹ ሁሉ ተሰልፈው ሲመጡ ተሳፋሪውን አስቀድሜ አስጠነቅቃለሁ፣ እናቶች ሳይቀሩ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ፣ ሁሉም አንድ ላይ ገልበጥ ሲሉና ዜሮ በዜሮ ሲሆን ጡሩምባ እነፋለሁ። ሦስተኛው የሆነው ዓለም ጤና መግቢያ ላይ ነው። መኪናውን አቁሜ ለሁሉም ለስላሳ ጋበዝኩ። አንድ ሽማግሌ የሞተሩ ኮፈን ላይ እጃቸውን ጭነው በኦሮምኛ መረቁልኝ። እኔም ኮፈኑን ከፍቼ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዤ አሳየኋቸው፤ ዘይቱ ማር ይመስላል። «አያችሁ? አልተነካም» አልኩ። ሌሎቹ ሾፌሮች የነሱ ዘይት ሲጠቁር የኔ ለምን እንደማይጠቁር ግራ ይገባቸው ነበር። አንዱማ ደብተራ ዘንድ ሄዷል ብሎ አስወርቶብኛል። እኔ ግን ምስጢሩን አውቀዋለሁ ባይ ነበርኩ። እግሬ ቀላል ነው፣ ማርሽ አላንገጫግጭም፣ ሞተሩንም መካኒክ አላስነካም። ይህንን በየሻይ ቤቱ አስተማርኩ፣ በሌሊሴ ሠርግ ላይ ሳይቀር ተናገርኩ። አሁን ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል።

ወደ ጋራዡ ልመለስ። ሌሊሴ ከገመቹ ጋር ስትነጋገር ያ ነጭ ኮፍያ ያደረገው ሰውዬ ከጎማው ተነስቶ ወደኔ መጣና ክንዴን ይዞ ወደ ውጭ ወሰደኝ።

«ታዴ፣ ረሳኸኝ?» አለኝ። «ሁሴን ነኝ። የፍራንኮው ላቫጆ።»

እንዴት እረሳዋለሁ። የወሎ ልጅ ነው፣ ፍራንኮ አካባቢ ከነበረው ላቫጆ ውስጥ መኪና ያጥብ ነበር። እሁድ እሁድ እኔ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ፣ በልቼ፣ ጋደም ስል እሱ እኛ ቤት ድረስ ይመጣል። ጫልቱ ቁልፉን ትሰጠዋለች፤ ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ተብለጭልጫ ደጃፍ ቆማ አገኛታለሁ። ስታጠብ ሦስት ሰዓት ለምን እንደምትፈጅ ጠይቄ አላውቅም። ተቃቅፈን፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ጤና፣ ስለሞቱት ተጠያየቅን። ከዚያ ሰውየው ፊቱ ከበድ አለ።

«ልጅህ ስትናገር የምትቀልድ መስሎኝ ነበር» አለኝ።

«ምን ቀልድ አለው?»

«ዘይት ቀይሮ አያውቅም ያለችው።»

«ቀይሬ አላውቅማ።»

ሁሴን አየኝ። ከዚያ መሬቱን አየ። «ወላሂ አያውቅም» አለ፣ ለኔ ሳይሆን ለራሱ። ቀጥሎ የተናገረውን ቃል በቃል ልንገራችሁ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ጆሮዬ ላይ አልጠፋ ብሎኛል። «ታዴ፣ እኔ እኮ ነበርኩ የምቀይረው። በየሁለት ሳምንቱ እሁድ። ዘይቱን ደፍቼ አዲስ እሞላለሁ፣ ፊልትሮውን እለውጣለሁ፣ አየር ማጽጃውን አራግፋለሁ፣ ካንዴላዎቹን ፈትቼ እጠርጋለሁ። በመሐሉ ባለው እሁድ ደግሞ ግራሶ እቀባለሁ። ስምንት ዓመት። አንድም እሁድ አላለፈኝም፣ የኢድ ዕለት እንኳ ማለዳ መጥቼ ሠርቻለሁ። ሞተርህ የኖረው በዚያ ነው እንጂ በምን ይኖራል?»

«ማን አዘዘህ?» አልኩት።

«ጫልቱ ናታ። አንተ እያወቅህ መስሎኝ ነበር። ለዘይቱም ለድካሜም ሽንኩርት ትሰጠኝ ነበር፣ በጆንያ። ልጆቼ ሽንኩርት ሰልችቷቸው ነበር።»

እዚያው የጋራዡ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ስለ ሽንኩርቱ ሲነግረኝ ነበር ይበልጥ የደነገጥኩት። ጫልቱ በየሁለት ሳምንቱ «አንዱ ጆንያ በሰበሰ» ትለኝ ነበር። እኔም እጮህባታለሁ። አያያዝ አታውቂም፣ ጥላ ሥር አታስቀምጪውም፣ እኔ በፀሐይ እየነደድኩ አምጥቼልሽ አንቺ ታበሰብሺዋለሽ። ጎረቤት እየሰማ። ስምንት ዓመት ሙሉ አንገቷን ደፍታ ሰምታኛለች። ሁሴን አጠገቤ ቁጭ ብሎ ትከሻዬን ቸብ ቸብ እያደረገ «ልነግርህ አይገባም ነበር» ይላል። ሰው በዚህ ዕድሜው ምን ይላል? ሕይወቴን ሙሉ የኮራሁበት ነገር የሌላ ሰው ሥራ ሆኖ ተገኘ።

ቤት ስገባ ጫልቱ በረንዳው ላይ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። ሰላምታ እንኳ አልሰጠኋትም። «ሁሴንን አገኘሁት» አልኳት።

እጇ ቆመ። «በሕይወት አለ?»

«አለ። ዘይት ስለመቀየር አጫወተኝ።»

ጠጠር አነሳችና ወደ ግቢው ወረወረች። «እና?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነገርኩህ እኮ» አለችኝ፣ ቀና ሳትል። «አንድ ጊዜ። የወንድሜ የውሃ ፓምፕ ዘይቱ ሳይቀየር ቆይቶ ነክሶ፣ ሽንኩርቱ ውሃ አጥቶ በቁሙ የደረቀ ጊዜ። መካኒኩ ሲያስረዳው ቆሜ ሰምቼ ነበር። መጥቼ፣ ታዴ የኛም መኪና እንዲህ ይሆናል አልኩህ። አንተ ምን አልከኝ? ፓምፕና መኪና አንድ ነው እንዴ፣ ሂጂ ሽንኩርትሽን ሽጪ አልከኝ። ሄድኩ ሸጥኩ።»

ያልኩትን አላስታውስም። ግን ብዬ እንደሆነ አንድም አልተጠራጠርኩም፤ ያኔ የነበርኩትን ሰውዬ አውቀዋለሁ። «ስሰድብሽስ? ሽንኩርት አበሰበስሽ እያልኩ ስጮህብሽ?»

«ትጮሃለህ፣ ይወጣልሃል፣ ትበላለህ፣ ትተኛለህ። መኪናዋ ብትቆም ኖሮ ግን በምን እንበላ ነበር? እኔ የያዝኩት ያንን ነው።» አንድ ጊዜ ብቻ ፈገግ አለች። «ደግሞ ያን ዘንግ እየመዘዝክ ለሰው ስታሳይ ደስ ትለኝ ነበር።»

መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ። ዋናውን ጠየቅኋት። «ለልጅቱስ? ለሌሊሴ ለምን አልነገርሻትም?»

አሁን ሰፌዱን አስቀመጠችው። «ልጅቱ መች እኔን ጠየቀችኝ? ስለ መኪና ሲሆን አንተን ነው የምትጠይቀው። ለሽንኩርት ነው እኔ ዘንድ የምትመጣው። ጋራዥ ወስጃታለሁ ስትል እሰማለሁ፣ ሰርቪስ ታስደርጋለች ብዬ ተቀመጥኩ። ሰርቪስ የምትሠራ ልጅ መኪናዋን ሰርቪስ አታደርግም ብዬ በምን ልጠርጥር?» ከዚያ ክንዴን ያዘችኝ። «ታዴ፣ ሄደህ ንገራት። ይሄ ሞተር ቢታደስም አንተ ባስተማርካት ከያዘችው እንደገና ይነክሳል።»

ያን ሌሊት የተኛሁ እንዳይመስላችሁ። በማግስቱ ጠዋት ከዘራዬን ይዤ ወደ ጋራዡ ሄድኩ። ሰው ለልጁ ዋሽቼሻለሁ ማለት ይቀለዋል፤ መዋሸቱን ያውቀው ነበርና። እኔ ግን አልዋሸሁም፤ አላውቅም ነበር። ሳላውቅ አዋቂ ነኝ ብዬ አስተማርኳት፣ እሷም አምና ያዘችው። መንገዱን ሁሉ ቃል እየቀያየርኩ ሄድኩ። ጨርሶ ባልነግራትስ ብዬም አስቤያለሁ፣ አልደብቃችሁም። ሞተሩ እስኪታደስ ዝም ብዬ፣ ከዚያ «የአሁኑ ዘይት እንደ ድሮው አይደለም፣ ቀይሪው» ብላት ስሜም አይነካ፣ ሞተሯም ይኖራል። ያቺ ሐሳብ ጋራዡ በር ድረስ አብራኝ መጣች።

ሞተሩ ወርዶ መሬት ላይ ተፈታቷል። ገመቹ አካም ቡልተኒ ብሎ ሰላም አለኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። ሌሊሴ ሚኒባሱ ደረጃ ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ያበጠ ነው። ስታየኝ ተነስታ ቦታ ለቀቀችልኝ፤ እንደዚያ ሆና እንኳ አክብራ። እሷን እንደዚያ ሳያት ያዘጋጀኋት ብልጠት ከአፌ ጠፋች። አጠገቧ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። ሁሴንን፣ እሁዱን፣ ፊልትሮውን፣ ሽንኩርቱን፣ ያ ማር የመሰለ ዘይት ከየት እንደሚመጣ። «እኔ ሞተር አቆይቼ አላውቅም፣ ልጄ። ያቆየችው እናትሽ ናት» አልኳት።

ትጮኻለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። ፊቷን ወደ ሚኒባሱ ዳሽቦርድ አዞረች። «አባዬ፣ ጥቅምት ላይ ደውዬልህ ነበር፣ ትዝ ይልሃል?» አለችኝ።

«ስለ ምን?»

«ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ሲበራብኝ። የዘይቷ ምልክት ያለባት። ሞጆ ጋራዥ ያገኘሁት ሰው ሞተሩ አደጋ ላይ ነው፣ ዛሬውኑ ዘይት ይቀየር ብሎኝ፣ እኔ ግን አንተን ሳልጠይቅ አላስነካም ብዬ ደወልኩልህ።»

አእምሮዬ ውስጥ ፈለግሁ፣ አላገኘሁትም። በቀን ስንት ስልክ ይደወላል። «ምን አልኩሽ?»

«ገንዘብሽን ሊበሉሽ ነው፣ መብራቷ ተበላሽታ ነው፣ አምፖሏን አስነቅያት አልከኝ።»

ሚኒባሱ ውስጥ ገባች። የዳሽቦርዱን ኪስ ከፍታ ወረቀት ስታገላብጥ ሰማኋት፤ በሶፍት የተጠቀለለች ነገር ይዛ ወጣችና መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ፈታኋት። የጣቴን ጥፍር የምታህል፣ ያቺ ያስነቀልኳት አምፖል ናት።

ገመቹ ከተንበረከከበት ተነስቶ መጣ። ሳይጠይቀኝ ከመዳፌ ላይ አነሳት፣ መሬት ላይ ከነበረው ባትሪ ሁለት ሽቦ ጎትቶ ጫፏ ላይ ነካ አደረጋት።

በራች።